ምድር በእውነት ሲኦል ነበረችን?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በእስቴ ወረዳ፥ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ደብር አጠገብ በእንግድነት አድረን ነበር። የቤቱ ጌታ ዕድሜያቸው የገፋ የድጓ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ወርደው የተመሰከረላቸው በመሆናቸው፥ አገሩ ሁሉ ትልቁም ትንሹም «የኔታ» እያለ ይጠራቸዋል። ከራት በኋላ የልጅ ልጃቸው፥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ብላቴና፥ ደብተሩን ይዞ ወደ ምድጃው ቀረበና እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «የኔታ፥ መምህራችን ምድር መጀመሪያ የነበረችበት ዘመን ሄዲያን ይባላል አሉን። ትርጓሜውንም ሲኦል ማለት ነው ብለው አስጻፉን። እንግዲያስ ምድር አስቀድማ ሲኦል ነበረችን?»

የኔታ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ሥነ ፍጥረትን ስንማር ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት ቆጥረናል፤ እንዲህ ያለውን ግን ከማንም አልሰማሁም። እስቲ ከከተማ የመጣችሁት እናንተ ንገሩን» ብለው ወደ እኛ ተመለከቱ። እኛም ለመመለስ ስንዘጋጅ፥ እስከዚያ ድረስ በጥጉ ዝም ብሎ ተቀምጦ የነበረው የብላቴናው አባት፥ «ያን ጊዜ ሲኦል መሆኗን እንጃ፤ አሁን ግን መሬታችን አርጅታለች፤ ያረጀ መሬት ደግሞ አያበላም» ሲል ቃሉን ጣል አደረገ። ይህ ሰው በሬዎቹን ሸጦ ቤተሰቡን ይዞ ወደ መተማ ቆላ ለመውረድ ማሰብ ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑን ቀደም ብለን ሰምተን ነበር።

በአንዲት ሌሊት ሁለት ጥያቄ ቀረበልን ማለት ነው፤ አንዱ ስለ ምድር ልደት፥ ሌላው ስለ ምድር እርጅና። በዚያች ሌሊት የቻልነውን ተናገርን፤ የቀረውን ጽፈን እንልካለን ብለን ቃል ስለ ገባን፥ ሌሎችም ቤተሰቦች ልጆቻቸው ይህንኑ ሳይጠይቋቸው አይቀርምና እነሆ በዚህ ገጽ እናቀርበዋለን። ዓመቶቹ «ዓመተ ምሕረት» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። የሥነ ምድር ሊቃውንት የምድርን ዕድሜ በአራት ታላላቅ ዘመናት ይከፍሉታል። ከሁሉ የሚቀድመውን «ሄዲያን» ብለው የሰየሙት ፕሬስተን ክላውድ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ሲሆኑ፥ ይህም የሆነው በ1972 ነው። ስሙ የተወሰደው ከግሪክኛው «ሐዴስ» ነው። ሐዴስ በጥንት ግሪኮች ዘንድ የሙታን ስፍራና የዚያ ስፍራ ገዥ ነው የተባለው ጣዖት ስም ነበር። ሰባው ሊቃናት የብሉያትን መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ ሲመልሱ፥ ዕብራይስጡ «ሼኦል» የሚለውን ሐዴስ ብለው ተረጐሙት። አባቶቻችን ደግሞ መጻሕፍቱን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ፥ የግሪኮቹን ስም ትተው ሲኦል አሉት። ስለዚህ ሄዲያን ማለት ሲኦል ነው ያሉት መምህር አልተሳሳቱም፤ መንገዱ እንዲህ ነውና።

ነገር ግን በአማርኛ ንግግራችን ሲኦልና ገሃነም ተቀላቅለው አንድ ሆነዋል። ሲኦል በመጻሕፍት ቋንቋ የሙታን ነፍሳት ማደሪያ ነው። ገሃነም የሚለው ቃል ግን በኢየሩሳሌም አጠገብ ከነበረው ከሄኖም ሸለቆ የመጣ ሲሆን፥ የእሳቱ ነገር ያለው ከእርሱ ዘንድ ነው። ብላቴናው «ሲኦል» የሚለውን ሲሰማ በልቡ የሣለው እሳቱን ነበር። እውነቱን ለመናገር የሥነ ምድር ሊቃውንትም አብዛኞቹ ስሙን የሚረዱት እንደ እርሱ ነው። የምድር ፊት በዚያ ዘመን የቀለጠ ዐለት ባሕር የነበረበት ጊዜ እንዳለ፥ ከሰማይ የሚወርዱ ድንጋዮች ያለ ዕረፍት ይደበድቧት እንደ ነበር፥ አንድ ታላቅ አካልም ከእርስዋ ጋር ተጋጭቶ ከፍርስራሹ ጨረቃ እንደ ተገኘች አብዛኞቹ ይስማማሉ። እንዲህ ያለውን ዘመን ሲኦል ቢሉት የሚያስገርም አይደለም።

(ነገሩን ለጨዋታ ያህል እንጨምር፤ የዛሬ ግሪኮች ይህን ቃል ሲጠሩት «አዲስ» እንደ ማለት ያሰሙታል። ከዘመናት ሁሉ የሚያረጀው ዘመን በእኛ ጆሮ አዲስ ሆኖ መሰማቱን ስንነግራቸው የኔታ ከት ብለው ሳቁ።)

ዘመኑስ እንዴት ተቆጠረ? ለቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን ለማስረዳት ጧፍ ይበቃል። አንድ ጧፍ በሰዓት ምን ያህል እንደሚነድ የሚያውቅ ሰው፥ የነደደውንና የቀረውን አይቶ ማሕሌቱ ከተጀመረ ምን ያህል እንደ ቆየ መናገር ይችላል። በዐለት ውስጥም እንዲሁ ዩራኒየም የሚባል ማዕድን አለ፤ ይህም በማይፋጠንና በማይዘገይ ልክ ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል። ከዋናው የዩራኒየም ዓይነት እኩሌታው እርሳስ እስኪሆን ድረስ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ሊቃውንቱ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን መዝነው የዐለቱን ዕድሜ ያወጣሉ። ክሌር ፓተርሰን የተባሉት አሜሪካዊ በ1956 ከሰማይ በወረዱ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምረው፥ የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን ገለጹ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጥቂት ተስተካከለ እንጂ አልተናወጠም። ዛሬ የሄዲያን መጀመሪያ የሚባለው ከ4,567 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ጊዜ ነው።

በዚህ ጊዜ የኔታ፥ «እኛስ ዘመኑን ከአዳም ጀምረን አምስት ሺህ አምስት መቶ ብለን የምንቆጥረው ምን ይሁን?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የሚገባ ነው። የባሕረ ሐሳብ ቁጥር በዓላትንና አጽዋማትን የምናወጣበት፥ የአባቶችን ትውልድና የተስፋውን ዘመን የምንቆጥርበት ነው፤ የዩራኒየሙ ቁጥር ድንጋይ የሚቆጠርበት ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አውጥቶ ማስታረቅ የሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንጂ የእኛ የጋዜጠኞቹ ሥራ ስላልሆነ፥ እኛ የስሙን ትርጓሜ ወደ መናገር ተመለስን።

የሄዲያን ስም በወጣ በ29 ዓመቱ፥ በ2001፥ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታተመ። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ ከሚባሉ ኮረብቶች ዚርኮን የሚባል ማዕድን ቅንጣት ተገኝቶ ነበር፤ ቅንጣቷ ከጤፍ ፍሬ እንኳ ታንሳለች። ዕድሜዋ ሲመረመር 4.4 ቢሊዮን ዓመት ሆነ፤ ማለትም በምድራችን ላይ በሰው እጅ ከተመረመሩት የምድር ቁራጮች ሁሉ እጅግ ጥንታዊት ሆነች። የሚያስደንቀው ግን ዕድሜዋ ብቻ አይደለም። በውስጥዋ ያለው ኦክሲጅን ሲመዘን፥ ቅንጣቷ የተገኘችበት ዐለት አስቀድሞ ውኃ ከነካው ነገር የቀለጠ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ተገኘበት። ይህ ከሆነ ምድር በተፈጠረች ብዙ ሳትቆይ ቀዝቅዛ ውኃ ተኝቶባት ነበር ማለት ነው። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም፤ ሆኖም ብዙዎች፥ «ሲኦል ብለን የሰየምነው ዘመን አብዛኛው ባሕር የነበረበት ዘመን ሳይሆን አይቀርም» ማለት ጀምረዋል። በአንዲት ከጤፍ ባነሰች ቅንጣት ምክንያት የአንድ ዘመን ስም ተነቀፈ።

እኛ ግን ስሙ ፈጽሞ አላግባብ ነው ብለን አናምንም። ሐዴስ የሚለውን ቃል ከጥንት ጀምሮ ብዙዎች «የማይታይ» ብለው ይፈቱታል፤ ሙታን ከዓይን የተሰወሩበት ስፍራ ነውና። የዚያ ዘመን ምድርም የማትታይ ናት። እስካሁን ዕድሜያቸው በውል ከታወቁት ዐለቶች መካከል ጥንታዊው በሰሜን ካናዳ የሚገኘው አካስታ የሚባለው ሲሆን፥ እርሱም 4.03 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ ሄዲያን የሚያበቃውም በዚሁ ግድም ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የምድር ፊት እንዳለ ቀልጦ፥ ተፈጭቶ፥ ወደ ውስጥ ተውጦ ጠፍቷል። ጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ቀሩ። ስለዚህ እሳቱን ትተን መሰወሩን ብንይዝ ስሙ ይስማማል።

ይህን ስንል የኔታ ከተቀመጡበት ቀና ብለው፥ «ኢታስተርኢ!» አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው እንዲህ አስረዱን። የግዕዙ ኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ በሁለተኛው ቁጥር ስለ ምድር ሲናገር ይህን ቃል ይጠቀማል፤ አትታይም ነበር ማለት ነው። ዕብራይስጡ ባዶነትዋንና ቅርጽ ማጣትዋን ሲናገር፥ ሰባው ሊቃናት የማትታይ አሏት፤ ግዕዙም እነርሱን ተከተለ። የአማርኛው ትርጕም ከዕብራይስጡ ጋር ስለሚሄድ፥ ግዕዝ ላልተማረ ሰው ይህ ቃል ተሰውሮበት ይኖራል። አሜሪካዊው ሊቅ ስሙን ሲያወጡ ይህን አስበው ነበር አንልም፤ ቃላት እንዲህ በመንገድ ይገናኛሉ። የኔታ ግን ከዚያ ወዲያ ፊታቸው በራ።

የቀሩትን ዘመናት በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ሁለተኛው «አርኪያን» ነው፤ ጄምስ ድዋይት ዴና የተባሉት አሜሪካዊ በ1872 ያወጡት ስም ሲሆን፥ መጀመሪያ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ይኸው የግሪክ ሥር አለቅነትንም ስለሚያመለክት፥ እኛ ሊቀ ዲያቆናት፥ ሊቀ ጳጳሳት የምንላቸው ማዕርጋት በግሪክኛው በእርሱ ይጀምራሉ። ሦስተኛው «ፕሮተሮዞይክ» የቀደመ ሕይወት ማለት ነው። አራተኛውና እኛ ያለንበት «ፋነሮዞይክ» ይባላል፤ ከ539 ሚሊዮን ዓመት ያህል ጀምሮ ያለው ነው። ይህ ስም የታየ ሕይወት፥ የተገለጠ ሕይወት ማለት ነው፤ በቅርፊትና በአጥንት በዐለት ላይ የታተሙ ፍጥረታት ከዚያ ወዲህ በብዛት ይታያሉና። ሥሩም ጥምቀትን ኤጲፋንያ ከምንልበት የግሪክ ቃል ጋር አንድ ነው፤ በግዕዝ አስተርእዮ እንለዋለን። እንግዲህ የምድር ዘመናት ከማይታየው ጀምረው በአስተርእዮ ይፈጸማሉ ማለት ነው። ይህንም የተናገሩት የኔታ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም።

አሁን ወደ አባትየው ነገር እንምጣ። የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ መሬት በእውነት አሮጌ ነውን?

በእስቴ ቆሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጉና ተራራ ያያል። ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ ቢሻገር፥ አገሩ ሁሉ እንደ ደረጃ የተሠራ ሆኖ ያገኘዋል፤ ገደል፥ ከዚያ ሜዳ፥ ደግሞ ገደል፥ ደግሞ ሜዳ፥ እንዲህ እያለ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ገደሉ ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሊቃውንት ባዛልት ይሉታል። ሜዳው ደግሞ በድንጋዩ ንብርብሮች መካከል ያለው ልል ነገር የተሸረሸረበት ነው። በአንዳንድ ገደል ላይ በጥቁሩ መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋ ቀይ መስመር ይታያል። እርሱ ከጥንት ጊዜ የቀረ አፈር ሲሆን፥ በላዩ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት እንደ ሸክላ ጠብሶት የቀረ ነው። በአውሮፓ ቋንቋ ይህን የመሰለውን አገር «ትራፕ» ይሉታል፤ በስዊድንኛ ደረጃ ማለት ነው።

የእኛን ደረጃ መጀመሪያ በሥነ ምድር ጽሑፍ የሰየሙት ዊልያም ብላንፎርድ የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ ናቸው። በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ከዙላ ተነሥተው እስከ መቅደላ መጡ፤ በ1870 ባሳተሙት መጽሐፍ የታችኛውን ጥቁር ድንጋይ በአሸንጌ ሐይቅ፥ የላይኛውን በመቅደላ ስም ጠሩት። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይና የአንታሎ ኖራ ድንጋይ የሚባሉትም የእርሳቸው ስሞች ናቸው፤ ዛሬም ተማሪዎቻችን በእነዚሁ ስሞች ይማራሉ። ሊቁ ድንጋዩን እየተመለከቱ ከሰሜን ሲመጡ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በጋፋት የተሠሩትን መድፎች እየጐተቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በዚሁ በጋይንት በኩል መንገድ እየጠረቡ ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 ድረስ በጨጨሆ ገደልና በዝብጥ በኩል ያን መድፍ የገፋው ሕዝብ፥ ባዛልት ምን ያህል ጠንካራ እንደ ሆነ ከማንኛውም ሊቅ ይልቅ በትከሻው ያውቀው ነበር። ፍጻሜውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት፥ በትንሣኤ ማግሥት ነበር።

የዚህ ደረጃ ዕድሜ ተለክቷል። አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፥ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ፥ ከምድር ስንጥቅ እየፈሰሰ እስከ 2,000 ሜትር ውፍረት የተነባበረ ነው። ጉና ራሱ ከዚያ በኋላ በላዩ የተከመረ እሳተ ገሞራ ሲሆን ዕድሜው 11 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ለአእምሮ ስለሚከብድ በእኛ የዘመን አቆጣጠር እንመስለው። የምድር ዕድሜ ሁሉ አንድ ዓመት ቢሆን፥ በመስከረም 1 ቀን ተጀምሮ በጳጉሜን 5 ቀን ቢያበቃ፥ ያ የማይታየው የሄዲያን ዘመን እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይደርሳል። የተገለጠ ሕይወት የሚጀምረው በሐምሌ ሃያዎቹ ውስጥ ነው። የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ጥቁር ድንጋይ የፈሰሰው ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ጉና የቆመው ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዓመቱ የመጨረሻ ዕለት ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ እንኳ ከዚህ የሚያረጅ ብዙ አለ። በዓባይ በረሃ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የሚወርድ መንገደኛ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የባሕር ኖራ ድንጋይ ያገኛል። በትግራይ፥ በቤኒሻንጉልና በአዶላ የሚታዩት ወርቅ ያለባቸው መሠረታውያን ዐለቶች ደግሞ ብዙዎቹ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ ከአካስታ ጋር ሲነጻጸሩ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ለአባትየው፥ «መሬትህ አላረጀችም፤ በምድር ላይ ካሉት ልጅ እግር ከሆኑት ወገን ናት» ብለን ነገርነው። እርሱም እንደ ገበሬ ያለ ማመንታት፥ «ልጅ ከሆነች ለምን እንደ አሮጊት አጥንትዋ ወጣ?» ሲል መለሰልን።

መልሱ ከባድ አይደለም፤ ግን ደስ አያሰኝም። ባዛልት ሲፈርስ ለም አፈር ይሆናል። ግብፅን ሺህ ዓመታት የመገበው ደለል አብዛኛው ከዚህ ደረጃ የተነሣ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በ1966 የተሠራው የሱዳን የሮዛሪስ ግድብም በዚሁ ደለል ብዙ ቦታውን አጥቷል። ነገር ግን ድንጋይ አፈር የሚሆነው በሰው ዕድሜ በማይለካ ዝግታ ሲሆን፥ በሐምሌ አንድ ብርቱ ዝናብ በተራቆተ ዳገት ላይ ከወረደ ብዙ ትውልድ ያልሠራውን በአንድ ከሰዓት ይዞት ወደ በሽሎ ይወርዳል። ዳገቱ ቁልቁለት ነው፤ ማሳው ለልጅ እየተከፈለ ጠብቧል፤ ደኑ ተመንጥሯል፤ የእበቱም ኩበት ወደ ምድጃ ገብቷል። የላይና የታች ጋይንት፥ የስማዳም ብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት በሴፍቲ ኔት እርዳታ ውስጥ የኖሩት ከዚህ የተነሣ ነው። የወጣው የመሬቱ አጥንት እርጅናዋን አያሳይም፤ ልብሷ መገፈፉን ያሳያል እንጂ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በማለዳ ከየኔታ ጋር ኪዳን ካደረስን በኋላ፥ ብላቴናውንና አባቱን ይዘን በደብሩ ዙሪያ ዞርን። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ማሳ ድንጋዩ የገጠጠ ነው። ከቅጥሩ ውስጥ በጥድና በወይራ ሥር ያለው አፈር ግን ጥቁርና ልል ሆኖ፥ ብላቴናው በትር ሲሰድበት እስከ እጀታው ገባ። የታችኛው ድንጋይ ያው አንድ ነው፤ ከአንድ ቀን ፍሳሽ የመጣ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በፈጸሙት የዶክትሬት ጥናት የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረዋል፤ በደቡብ ጎንደር ብቻ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋል። ከዚያም ወዲህ በአንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ ካብ አድርገው ደኑን አጥረዋል። ማሳው ከድንጋይ ተገላገለ፥ ደኑም ከከብት ተጠበቀ፤ አንድ ድንጋይ ሁለት ጊዜ አገለገለ።

አባትየው ከቅጥሩ አጠገብ ቆሞ አፈሩን በእጁ ጨብጦ አሸተተና መልሶ ጣለው። ስለ መተማ ምንም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። በሬዎቹ በዚያ ቀን ገና በግቢው ታስረው ነበር።

ስንሰናበት ብላቴናው ደብተሩን አምጥቶ አሳየን። «ሄዲያን፤ ሲኦል ማለት ነው» ብሎ ከጻፈው አጠገብ፥ በኅዳጉ ላይ፥ በየኔታ እጅ በቀይ ቀለም አንዲት የግዕዝ ቃል ተጨምራለች፤ «ዘኢያስተርኢ»። ብላቴናው፥ «ለፈተና የትኛውን ልጻፍ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ የኔታ፥ «ለመምህርህ እርሳቸው ያሉህን ጻፍ፤ ይህችን ለራስህ ያዛት» አሉት።